ምዕራፍ 6፦ በቀኝ እግሩ ግራውን የጠበቀው ልጅ

ባየርን ሙኒክ በ2003 የዝውውር ወቅት አንድ የ19 ዓመት ተከላካዩን ለስቱትጋርት በውሰት ሰጠ። ልጁ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለተከላካይ አጭር የሚባል። በዋናው ቡድን ማሊያ ሜዳ የረገጠው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እሱም መደበኛው ሰዓት አልቆ በጭማሪ ደቂቃ ተቀይሮ በመግባት ነው። ክለቡ ልጁን ጠልቶት አልነበረም። የቀኙን መስመር ዊሊ ሳኞል፣ የግራውን ቢሼንቴ ሊዛራዙ ይዘውታል። ሁለቱም የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ናቸው፤ ሊዛራዙማ በ1998 የዓለም ዋንጫን ያነሳ ነው። እነዚህን ከቦታቸው የሚያስነሳ የ19 ዓመት ልጅ በቀላሉ አይገኝም።

ስሙ ፊሊፕ ላም ነው። በ2014 ጀርመንን በአምበልነት እየመራ ማራካና ስታዲየም ላይ የዓለም ዋንጫን ከፍ ያደረገው ያው ላም።

ስለ ዋንጫው ብዙ ተብሏል። እዚህ የምናየው ከ2002 እስከ 2006 ያሉትን የመጀመሪያ ዓመታቱን ነው፤ ሁለገብ ተከላካይ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ከእነዚህ ዓመታት የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅምና። (በዚህ መጽሐፍ እንደተለመደው ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በምዕራፍ 4 አራቱ ተከላካዮች እንዴት ተያይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደሚሉ፣ በምዕራፍ 5 ደግሞ በዘመናችን ጨዋታ የመስመር ተከላካይ ሥራ ለምን እንደበዛ አይተናል። በሁለቱም ምዕራፎች እያንዳንዱን ተጫዋች በየቦታው አስቀምጠን፣ ቀኙን ቀኝ፣ ግራውን ግራ ብለን ነበር የተነጋገርነው። አሁን አንዱን ሰው ከቦታው አንስተን ወደ ማዶ እናሻግረውና ምን እንደሚሆን እንመልከት።

መንገድ የሚያውቅና ከተማ የሚያውቅ

ስለ ሁለገብ ተጫዋች ሲወራ ሰው ቶሎ ወደ ቆጠራ ይሄዳል። ቀኝ ይጫወታል፣ ግራ ይጫወታል፣ ሲቸግር መሀል ይገባል፤ ሦስት ቦታ። እንዲህ ስንቆጥር እያንዳንዱ ቦታ ራሱን የቻለ ሙያ፣ ሁለገቡም ሦስት ሙያ ደራርቦ የተማረ ሰው ይመስለናል። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ አንድ ልጅ በሳምንታት ውስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ በአውሮፓ ትልቁ የክለቦች ውድድር ላይ መቆም አይችልም ነበር። ጊዜው አይበቃውም።

አንድ የአዲስ አበባ ታክሲ ሹፌር አስቡ። ከመገናኛ አራት ኪሎ ሲመላለስ ዓመታት አልፈውታል። አስፋልቱ የቱ ጋ እንደተቆፈረ፣ የቱ ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ እንደሚበዛ፣ ትራፊክ ፖሊሱ የት እንደሚቆም ጠንቅቆ ያውቃል። አንድ ቀን መንገዱ ይዘጋል። የውስጥ ለውስጡን ስለማያውቀው መኪናውን ዳር አስይዞ ረዳቱን «በየት እንሂድ?» ይለዋል። ሌላው ሹፌር በዚያ መስመር ጭራሽ ሠርቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ግን መንገዶቹ የት የት እንደሚገናኙ፣ ቁልቁለቱ ወዴት እንደሚያወጣ፣ በዚያ ሰዓት መኪና የሚታፈነው በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል። አዲስ መስመር ላይ ብትመድቡት በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ፌርማታ ያልፈው ይሆናል እንጂ አይጠፋም።

ሜዳው ላይም ሁለቱም ዓይነት ተከላካዮች አሉ። ተከላካይ ኳስ እግሩ ሥር በሌለበት ጊዜ ሁሉ፣ ማለትም በአብዛኛው የጨዋታ ክፍል፣ በልቡ አራት ጥያቄዎችን ይመልሳል። ኳሱ የት ነው? የምጠብቀው ሰው የት ነው? ከኋላዬ ምን ያህል ባዶ ሜዳ አለ? ብታለፍ የሚደርስልኝ ጓደኛዬ ስንት እርምጃ ይርቃል? ጥያቄዎቹ በቀኝም በግራም በመሀልም ያው ናቸው። መልሳቸው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በየሴኮንዱም ይለዋወጣል።

የአንድ መስመር ሰው መልሱን በልማድ ይዞታል። ኳሱ እዚህ ሲሆን እኔ እዚያ፣ አጥቂው እንዲህ ሲል እኔ እንዲህ። በቦታው እስካለ ድረስ ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙ ታላላቅ ተከላካዮች እንዲህ ተጫውተው አልፈዋል። ሁለገቡ ግን ጥያቄውን ነው የያዘው። ስለዚህ ወደ ሌላ ቦታ ስታዛውሩት መልሱን እንደ አዲስ ያወጣዋል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

መሀል ሜዳ ያደገ ተከላካይ

ላም የተወለደው ኖቬምበር 11 ቀን 1983 ሙኒክ ውስጥ ነው። ኳስ የጀመረው በሰፈሩ ክለብ፣ በኤፍ ቲ ገርን ነበር። በ1995፣ በ11 ዓመቱ፣ ወደ ባየርን የታዳጊዎች ቡድን ገባ። ከዚያ ያለው የታዳጊነት ታሪኩ በድል የተሞላ ነው። በ2001 እና በ2002 ከባየርን ወጣቶች ጋር የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2002 ኖርዌይ ላይ በተደረገው ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫ ደግሞ ለፍጻሜ ደርሶ በስፔን 1 ለ 0 የተሸነፈው የጀርመን ቡድን አባል ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ከዋንጫዎቹ ይልቅ የሚጠቅመን በእነዚያ ዓመታት የት የት እንደተጫወተ ነው። በታዳጊነቱና በባየርን ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ላም በቀኝ መስመር ተከላካይነት ብቻ አልተወሰነም፤ በተከላካይ አማካይነትም በቀኝ አማካይነትም ተሰልፏል። የተከላካይ አማካይ የምንለው ከአራቱ ተከላካዮች ፊት ቆሞ የሚመጣውን ጥቃት የሚያፈርስና ኳስን የሚያከፋፍል ተጫዋች መሆኑን ከምዕራፍ 3 ታስታውሳላችሁ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የመስመር ተከላካይ አንድ ጎኑ የሜዳው መስመር ነው፤ ከዚያ በኩል ማንም አይመጣበትም። አደጋው ከፊቱና ከአንድ ጎኑ ብቻ ነው። መሀል ሜዳ የቆመ ሰው ግን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራም ከቀኝም ይመጡበታል። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ትከሻውን አዙሮ ካላየ ይነጠቃል። ደጋግሞ የተነጠቀ ልጅ ማየትን ይለምዳል፤ አለዚያ ይወድቃል። ስለዚህ መሀል ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ወደ መስመር ሲወጣ ሥራው በአንድ በኩል ይቀልለታል፤ ግማሹ ስጋት ከጎኑ ተነሥቶለታል፣ የማየት ልማዱ ግን አብሮት መጥቷል። በእኔ እምነት የላም ሁለገብነት የተጸነሰው እዚህ ነው። ስቱትጋርት ያሳየው ቀድሞ የነበረውን ነው።

የባየርን ሁለተኛ ቡድን የሚባለው እኛ ተስፋ ቡድን ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለው ቡድን በመደበኛው ሊግ ገብቶ ከአዋቂዎች ጋር መጫወቱ ነው። በዚያን ጊዜ የባየርን ሁለተኛ ቡድን በአገሪቱ ሦስተኛ እርከን ሊግ ውስጥ ነበር። በዚያ እርከን ወጣቱን የሚገጥሙት የእድሜ እኩዮቹ አይደሉም፤ በኳስ የሚተዳደሩ፣ በጉልበት የበሰሉ ሰዎች ናቸው። አሰልጣኙ ኸርማን ገርላንድ ነበሩ፤ ወጣቶችን በማነጽ በጀርመን እግር ኳስ ስማቸው የተከበረ ሰው። ገርላንድ በላም ላይ ጽኑ እምነት ነበራቸው።

ዋናው ቡድን ግን በሩን ገርበብ አድርጎ መልሶ ዘጋው። ኖቬምበር 13 ቀን 2002 ባየርን ከፈረንሳዩ ሌንስ ጋር በቻምፒየንስ ሊግ 3 ለ 3 ተለያየ። ባየርን በዚያ ዓመት ከምድቡ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ነው የወጣው፤ ይህም የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። መግቢያዬ ላይ የጠቀስኩት የጭማሪ ደቂቃ ይኸው ነው። ላም ገባ፣ ጨዋታው አለቀ። በዚያ ዓመት ሌላ ዕድል አላገኘም።

ለቀኝ ተፈልጎ ግራ

ውሰት ማለት የተጫዋቹ ውል ከክለቡ ጋር እንዳለ ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ ክለብ መጫወት ነው። ለወጣት ተጫዋች ከልምምድ ሜዳ ወጥቶ በእውነተኛ ጨዋታ የሚፈተንበት መንገድ ነው። ገርላንድ ልጁን ለስቱትጋርቱ አሰልጣኝ ለፌሊክስ ማጋት መከሩላቸው፤ ማጋትም ተቀበሉ።

ስቱትጋርት በ2002/03 በቡንደስሊጋው ሁለተኛ ሆኖ ያጠናቀቀ፣ በወጣቶች የተገነባ ቡድን ነበር። ግብ ጠባቂው ቲሞ ሂልደብራንድ፣ አጥቂው ኬቪን ኩራኒ፣ አማካዩ አሌክሳንደር ህሌብ ሁሉም ገና ወጣቶች ናቸው። በቀኝ መስመር ተከላካይነት ያለው አንድሪያስ ሂንክልም እንዲሁ። ላም የተፈለገው ለዚህ ለሂንክል ተጠባባቂ እንዲሆን ነበር። ኦገስት 2003 በሊጉ የመክፈቻ ቀን ከሃንሳ ሮስቶክ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይሮ ገብቶ የቡንደስሊጋ ሕይወቱን ጀመረ።

እዚህ ላይ ማጋት ምን እንዳዩ አስቡ። የቀኝ ቦታቸው ሞልቷል። በግራ ሃይኮ ገርበር የሚባል የብሔራዊ ቡድን ልምድ ያለው ተጫዋች አለ። ቡድኑ በሊጉ ጎል አይቆጠርበትም፤ ሂልደብራንድ ካለፈው ውድድር ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ግቡን አላስደፈረም፣ ኋላም ያለ ጎል የቆየበት ጊዜ 884 ደቂቃ ደርሶ የቡንደስሊጋ ክብረ ወሰን ሆነ። እንዲህ ያለ የተከላካይ መስመር ማንም አይነካካም። ማጋት ግን በሴፕቴምበር ውስጥ ገርበርን አስነሥተው ላምን ግራ ላይ አስገቡት። ቀኝ እግሩን የሚጠቀም፣ የ19 ዓመት፣ በቡንደስሊጋ ገና ጀማሪ የሆነ ልጅ፣ ጎል ባልተቆጠረበት መስመር ላይ፣ ባልለመደው ጎን። ይህን ውሳኔ ባሰብኩ ቁጥር የማጋትን ድፍረት አደንቃለሁ። አሰልጣኝ ካልደፈረ የተጫዋች ሁለገብነት ልምምድ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ብዙ ሳይቆይ፣ ኦክቶበር 1 ቀን፣ ማንችስተር ዩናይትድ ለቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ስቱትጋርት መጣ። ስቱትጋርት 2 ለ 1 አሸነፈ። ላም በግራ ተሰልፎ ነበር። በዚያው ምሽት በዩናይትድ በኩል የመጀመሪያ የቻምፒየንስ ሊግ የምድብ ጨዋታውን ያደረገ የ18 ዓመት ፖርቱጋላዊ ነበር፤ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ይባላል።

ስቱትጋርት ከምድቡ አልፎ በ16ቱ ዙር በቼልሲ ተሸንፎ ወጣ። ላም ግን ቦታውን አለቀቀም። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2004 ጀርመን ክሮኤሺያን በስፕሊት 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ በሩዲ ፎለር ሥር ለብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። የተሰለፈው በግራ ተከላካይነት ነው። በባየርን ተስፋ ቡድን ከነበረበት ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። በዚያው ዓመት ፖርቱጋል ላይ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ጀርመን ከምድቧ ሳታልፍ ስትቀር እሱ ሦስቱንም ጨዋታ ተጫውቷል።

እግርና መስመር

አሁን ጠጋ ብለን እንይ። ቀኝ እግሩ የሚቀልለው ሰው ግራ ላይ ሲቆም በትክክል ምን ይለወጣል? ሦስት ቅጽበቶችን እንውሰድ።

የመጀመሪያው ኳስ መቀበል ነው። የመሀል ተከላካዩ ወደ ግራ ያቀብለዋል። የሜዳው መስመር በግራ ጎኑ ነው፤ ተጋጣሚ የክንፍ ተጫዋች ከፊትና ከውስጥ በኩል ሊነጥቀው ይሮጣል። ግራ እግር ተጫዋች ቢሆን ኳሱን በመስመሩ በኩል ባለው እግሩ ያቆመዋል። ኳሱና የሚመጣው ሰው ተራራቁ፤ መሀላቸው ሰውነቱ ገባ። ቀኝ እግር ተጫዋች ግን በልማዱ ካቆመው ኳሱ የሚያርፈው በውስጥ በኩል ነው፤ ሊነጥቀው በሚመጣው ሰው አቅጣጫ። የአንድ እርምጃ ልዩነት ነው፤ ኳስ የሚነጠቀው ግን በአንድ እርምጃ ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ኳሱ ሳይመጣ ማየት። ሰውዬው ሩቅ ከሆነ በቀኝ እግር ወደ ውስጥ ማቆም ጥቅም ይሆናል፤ ተጫዋቹ ደረቱን ወደ መሀል ሜዳ ያዞራል፣ ግማሹ ሜዳ ፊቱ ይዘረጋል፣ ግራ እግር ተጫዋች በቀላሉ የማያገኘው ሰያፍ ቅብብል ይከፈትለታል። ሰውዬው ቅርብ ከሆነ ኳሱን ሳያቆም በአንድ ንክኪ መመለስ ወይም በግራ እግር ወደ መስመሩ መግፋት አለበት። ይህን የሚወስነው ኳሱ ገና በመንገድ ላይ እያለ ነው። መሀል ሜዳ ላይ ትከሻውን አዙሮ ማየት የለመደው ልጅ እዚህ ይጠቀማል። የድሮው መስመሩ ቢዘጋበትም መንገዶቹ የት እንደሚገናኙ ያውቃል።

ሁለተኛው ቅጽበት ማጥቃት ነው። ግራ እግር ተጫዋች መስመሩን ይዞ እስከ ጥግ ይሮጥና ሳይቆም ወደ ግብ ክልል ያሻማል። ቀኝ እግር ተጫዋች እዚያ ሲደርስ ኳሱን ወደ ቀኝ እግሩ ለመመለስ መቆም አለበት፤ እሱ ሲቆም ተከላካዮች ይደርሳሉ። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ማድበስበስ አያስፈልግም። ቀኝ እግረኛ በግራ ሲሰለፍ ቡድኑ ከጥግ የሚሻሙ ፈጣን ኳሶችን በከፊል ያጣል። በምትኩ የሚያገኘው ወደ ውስጥ ሰብሮ መግባትን ነው። ከግራ ጠርዝ ወደ መሀል ሲገባ እያንዳንዱ እርምጃ ኳሱን ለምት ያመቻችለታል፤ ግቡም ፊት ለፊቱ ይከፈታል። ተጋጣሚ ተከላካይ ይህን ካወቀ ግን ውስጡን ብቻ ዘግቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ግራ እግሩ ቢያንስ ለማስፈራራት ያህል መሥራት አለበት። ላም በግራ እግሩም ማቀበልና ማሻማት ይችል ስለነበር ጠባቂው ሁለቱንም በር መጠበቅ ነበረበት፤ ሁለት በር የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አንዱን ክፍት ይተዋል።

ሦስተኛው መከላከል ነው፤ ብዙ ተመልካች የማያስተውለውም ይህ ነው። በቀኝ በኩል የሚያጠቃ የተጋጣሚ ክንፍ ተጫዋች ሁለት ምርጫ አለው፤ መስመሩን ይዞ መውረድ ወይም ወደ ውስጥ መግባት። መስመሩን ከያዘ የግራ ተከላካዩ ኳሱን ለመንካት የሚዘረጋው በመስመሩ በኩል ያለውን ግራ እግሩን ነው፤ የላም ደካማው እግር ይህ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ግን የሚገጥመው ቀኝ እግሩን ነው፤ ጠንካራውን። ግብ ያለው ደግሞ በውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ ቀኝ እግር ተጫዋች ግራ ላይ ሲቆም ጠንካራው እግር አደገኛውን መንገድ ይዘጋል።

በመስመሩ በኩል ያለው ቀዳዳስ? ላም ቀዳዳውን የደፈነው በሸርተቴ ሳይሆን በአቋቋም ነው። ኳሱ ወደ ክንፍ ተጫዋቹ ሲላክ አብሮ ይነሣል፤ ኳሱ ሲደርስ እሱም ደርሷል። ተጋጣሚው ኳሱን አቁሞ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ፍጥነት አንሥቶ እንዲመጣበት አይጠብቅም። ከዞረበትም ደረቱን ገለጥ አድርጎ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ወደሚፈልገው ጎን እየመራ ያጅበዋል። ቁመቱም እንዲሁ አስገድዶታል። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በረጅሙ በተሻማ ኳስ ከ1 ሜትር ከ90 አጥቂ ጋር እኩል ዘሎ አያሸንፍም፤ ኳሱ የሚወድቅበትን ቦታ ቀድሞ መያዝ ወይም ኳሱ ከመነሻው እንዳይሻማ ማድረግ አለበት። ይህ ሁሉ ከአራቱ ጥያቄዎች የሚወጣ መልስ ነው። ላም የተጫዋችነት ዘመኑን አንድም ቀይ ካርድ ሳያይ ነው የጨረሰው፤ ለተከላካይ ይህ እጅግ ብርቅ ነው። ቀድሞ የደረሰ ሰው ጠልፎ መጣል አያስፈልገውም።

የተጠባባቂ ወንበር አደጋ

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ሁለገብነት ወጣትን ሊጎዳ እንደሚችልም መናገር አለብኝ።

አሰልጣኝ ለምን ሁለገብ ይወዳል? በዚያን ጊዜ ለዓለም ዋንጫ የሚሄድ ቡድን 23 ተጫዋች ይይዝ ነበር። 3 ግብ ጠባቂ ሲቀነስ ለ10 ቦታ የቀሩት 20 ሰዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት። ሁለት ሰው በአንድ ቦታ ላይ ቢጎዳ ሒሳቡ ይፈርሳል። ሁለት ቦታ የሚሸፍን አንድ ሰው ካለ ግን አሰልጣኙ ተንፈስ ይላል። ችግሩ ይህ ጥቅም የሚታየው ሌላው ሲጎድል መሆኑ ነው። «እሱ የትም ይጫወታል» የተባለ ወጣት ሳምንት ቀኝ፣ ሳምንት ግራ፣ ሳምንት ወንበር ላይ እያለ የራሱ የሚለው ቦታ ሳይኖረው ዓመታት ሊያልፉበት ይችላሉ።

የአየርላንዱን ጆን ኦሼን ውሰዱ። በማንችስተር ዩናይትድ ከተከላካይ መስመሩ ያልሞከረው ቦታ የለም፤ አማካይም ተጫውቷል። ፌብሩዋሪ 2007 ቶተንሃምን 4 ለ 0 ባሸነፉበት ጨዋታ ግብ ጠባቂው ኤድዊን ቫን ደር ሳር አፍንጫው ተሰብሮ ሲወጣና ቅያሪ ሲያልቅ ጓንት አጥልቆ ግብ ላይ ቆመ፤ የሀገሩን ልጅ የሮቢ ኪንን ሙከራም አከሸፈ። ድንቅ ታሪክ ነው፤ ኦሼም ዋንጫ በዋንጫ የሆነ ሕይወት ነበረው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ስለ አንድ ቋሚ ቦታ ሲነሣ የሚጠራው የሌላ ሰው ስም ነበር።

ላምን ከዚህ ያዳነው፣ እንደማየው፣ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። ማጋት ወደ ግራ ሲወስዱት እዚያው አቆዩት። በሁለት የውድድር ዓመታት ለስቱትጋርት ካደረጋቸው 53 የቡንደስሊጋ ጨዋታዎች አብዛኛውን የተጫወተው በአንድ ጎን ነው፤ ያም ጎን ያልለመደው ነበር። ከተማውን የሚያውቀው ሹፌር አዲሱን መስመርም ፌርማታ በፌርማታ እስኪያውቀው ጊዜ ተሰጠው። በየሳምንቱ ቢያዘዋውሩት ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ ምዕራፍ አንጽፍም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጉዳት፣ መመለስና የስድስተኛው ደቂቃ ጎል

ሁለተኛው የስቱትጋርት ዓመት እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ማጋት ወደ ባየርን ሄዱ፤ ማቲያስ ዛመር ተተኩ። ጃንዋሪ 2005 የላም የእግር አጥንት ሰነጠቀ፤ በአንድ ምት የሚመጣ ሳይሆን በሩጫ ብዛት የሚከማች ስንጥቅ ነው። ከዚያ አገግሞ ሲመለስ በሜይ የጉልበቱ መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጅማት የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነው፤ ከተበጠሰ ወራት ይፈጃል፣ የብዙ ተጫዋቾችንም ፍጥነት ይዞ ይሄዳል። በጁላይ ወደ ባየርን የተመለሰው በቁስሉ ሲሆን፣ ሜዳ የገባው በኖቬምበር 2005 ነው። ሳኞልም ሊዛራዙም ገና እዚያው ነበሩ።

ጁን 9 ቀን 2006 ሙኒክ ላይ የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ጨዋታ ነው፤ ጀርመን ከኮስታ ሪካ። ላም ከጥቂት ጊዜ በፊት ክርኑ ተጎድቶ ስለነበር ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። በስድስተኛው ደቂቃ ኳስ በግራ በኩል ደረሰው። መስመሩን ይዞ አልወረደም። አንድ ሰው አልፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ኳሱ ቀኝ እግሩ ላይ ተመቻቸ፤ ከሳጥኑ ጠርዝ አካባቢ ጠምዝዞ መታው፤ በሩቁ ቋሚ በኩል ላይኛው ጥግ ላይ አረፈ። የውድድሩ የመጀመሪያ ጎል ነበር፤ ጨዋታውም 4 ለ 2 አለቀ። ከላይ ስለ ሁለተኛው ቅጽበት ያልኩትን መልሳችሁ ብታነቡት ይህን ጎል በቃላት ታገኙታላችሁ። ማጋት በ2003 ወደ ማዶ ባያሻግሩት ኖሮ ይህች ኳስ ከዚያ ማዕዘን በዚያ እግር አትመታም ነበር።

ጀርመን ሦስተኛ ወጣች። ላም ጀርመን በዚያ ውድድር የተጫወተችውን 690 ደቂቃ አንድም ሳይጎድል የተጫወተ ብቸኛው የቡድኑ አባል ነው። ኋላም በሉዊ ቫን ኻል ሥር በባየርን ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ ከ2013 ጀምሮ ፔፕ ጓርዲዮላ መሀል ሜዳ ላይ አሰለፉት፤ በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ በአማካይነት ጀምሮ በቀኝ ተከላካይነት ጨረሰ። የኋለኞቹን ዓመታት በዝርዝር ማየት የሌላ ምዕራፍ ሥራ ነው።

በምዕራፍ 7 ወደ መሀል ተከላካዮች እንሻገራለን። ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው የምታዩት ጨዋታ ላይ አንዱን የመስመር ተከላካይ ምረጡና ለአምስት ደቂቃ ያህል ኳሱን ትታችሁ እሱን ብቻ ተከተሉ። ኳስ ከመቀበሉ በፊት አንገቱን ስንት ጊዜ እንደሚያዞር ቁጠሩ። የመጀመሪያ ንክኪው በየትኛው እግሩ እንደሆነና ደረቱ ወዴት እንደዞረ ልብ በሉ። የቴሌቪዥን ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል ሰውዬው ከእይታ ሊወጣባችሁ ይችላል፤ ስለዚህ ከተቻለ በሰፈራችሁ ሜዳ ወይም ስታዲየም ገብታችሁ ከመስመሩ አጠገብ ቆማችሁ እዩት።